ሳይነካኩ መኖር

ከሬዲዮ ዕቃዎች ሁሉ እንደ ካፓሲተር ሥራ ፈት የሚመስል የለም። ትራንዚስተሩ ድምፅ ያጎላል፣ ስፒከሩ ይጮኻል፣ ባትሪው ገንዘብ ይበላል። ካፓሲተር ግን ሁለት ብረቶች ፊት ለፊት ተፋጠው፣ እንዳይነካኩ መሐላቸው የሆነ ነገር ገብቶባቸው የተቀመጡበት ነው። በቃ፣ ሌላ ነገር የለውም። ባትሪ ሲያገኝ ቻርጅ ይይዛል፤ መንገድ ሲከፈትለት የያዘውን ይመልሳል። በአንድ አቅጣጫ ብቻ የሚሄደውን ኤሌክትሪክ ይከለክልና ወዲያና ወዲህ የሚመላለሰውን ያሳልፋል። ከኮይል ጋር ሲጣመር ደግሞ በአየሩ ላይ ከሚተራመሱት ጣቢያዎች አንዱን መርጦ ሌላውን ይመልሳል። ሬዲዮ የሚባለው ነገር ግማሹ ይኸው ነው።

ስለዚህ ነው ሬዲዮ መገጣጠም የሚወድ ሰው ሁሉ ዞሮ ዞሮ «ይህችንስ ራሴ እሠራታለሁ» ማለቱ የማይቀረው። ትራንዚስተር ቤቴ እሠራለሁ የሚል ሰው ካጋጠማችሁ በጊዜ ጸበል ውሰዱት። ካፓሲተር ግን በወጥ ቤት ዕቃ ይሠራል፤ ተሠርቶም ሬዲዮ ያናግራል። ከባዱ ነገር አንድ ነው። ሁለቱ ብረቶች በተቀራረቡ ቁጥር አቅማቸው ይጨምራል፤ በመሐላቸው ያለውን ርቀት በግማሽ ብትቀንሱት አቅሙ እጥፍ ይሆናል። የተነካኩ ዕለት ግን ሁሉም ነገር ያከትማል። እናም ሠሪው አማትና ምራትን በአንድ ግቢ እንደሚያኖር ሰው፣ እንዲቀራረቡ እየፈለገ እንዳይጋጩ ሲጠብቅ ይውላል።

በገንዘብ ካየነው ሥራው ኪሳራ ነው። ኋላ «አሳስቶን» እንዳትሉ አስቀድሜ ልናገር። መርካቶ ውስጥ የማውቃቸው አንድ የሬዲዮ ጠጋኝ አሉ፤ የሞቱ ሬዲዮዎችን ሆድ ዕቃ በብስኩት ቆርቆሮ ሞልተው የተቀመጡ፣ መነጽራቸው አፍንጫቸው ጫፍ ላይ የሚያርፍ ሰው ናቸው።

«ጋሼ፣ 100 ፒኮ የሚሆን ካፓሲተር ይኖርዎታል?»

ከቆርቆሮው ውስጥ በፒንሳ አንዲት ምስር የምታህል ነገር አንስተው እጄ ላይ ጣል አደረጉልኝ።

«ስንት ነው?»

«ውሰደው ባክህ! ለዚህ ደግሞ ዋጋ ይጠራል?»

«ነገሩ እንኳ ቤት ልሠራው ነበር። ለማመሳከሪያ ነው የፈለግሁት።»

«ምኑን?»

«ካፓሲተሩን።»

ከመነጽራቸው በላይ ቀና ብለው አዩኝና፣ «ልጆች የሉህም?» አሉኝ።

ጥያቄያቸው ተገቢ ነው። ለምስሯ ከሚከፈለው ይልቅ የታክሲው ይበልጣል፤ ለታክሲው ከሚከፈለው ይልቅ ደግሞ ቤት ውስጥ የሚባክነው ፎይልና ሰዓት ይበልጣል። ግን በምስሯ ውስጥ ምን እንዳለ አይታይም። ቤት የተሠራው ሁሉ ነገሩ ደጅ ነው፦ ብረቱም፣ መሐሉም፣ ጥፋቱም።

ስለ መለኪያው ትንሽ ልበል። የካፓሲተር አቅም የሚለካው በፋራድ ነው፤ ስሙ የመጣው ከእንግሊዛዊው ሊቅ ከማይክል ፋራዴይ ነው። ፋራድ ግን ለሰው ቤት የሚሆን መለኪያ አይደለም። ሁለት ጠፍጣፋ ቆርቆሮዎችን በ1 ሚሊሜትር አየር ለይቼ 1 ፋራድ ላውጣ ያለ ሰው፣ እያንዳንዱ ቆርቆሮ 113 ካሬ ኪሎ ሜትር ሊሆንለት ይገባል። ይህ ከአዲስ አበባ አንድ አምስተኛው ገደማ ነው። ቦታውን በሊዝ ተጫርቶ ቢያሸንፍ እንኳ፣ ሁለተኛውን ቆርቆሮ ከመጀመሪያው በ1 ሚሊሜትር ከፍታ ላይ ማንጠፍ ይቀረዋል። የካሳውን ነገር ተዉት። ደግነቱ ሬዲዮ የሚፈልገው ፒኮ ፋራድ ነው፤ አንድ ፋራድ ለትሪሊዮን ሲካፈል የሚደርሰው። 240 ማይክሮ ሄንሪ ኮይል ያለው ሰው ከ40 እስከ 365 ፒኮ ፋራድ የሚለዋወጥ ካፓሲተር ካገኘ፣ ከ540 እስከ 1,600 ኪሎ ኸርዝ ያለውን መካከለኛ ሞገድ ከዳር እስከ ዳር ያስሳል። ለዚህ 113 ካሬ ኪሎ ሜትር አያስፈልግም፤ የቤቱ ጠረጴዛ ይበቃል።

አቅሙን የሚወስኑት ሦስት ነገሮች ናቸው፦ የብረቶቹ ስፋት፣ መሐላቸው ያለው ርቀትና በመሐል የገባው ነገር ዓይነት። 10 በ10 ሴንቲ ሜትር የሆኑ ሁለት ቆርቆሮዎች በ1 ሚሊሜትር አየር ሲለያዩ የሚሰጡት 89 ፒኮ ፋራድ ገደማ ነው፤ ለመካከለኛ ሞገድ ሁሉ አይበቃም። በአየሩ ፋንታ 0.1 ሚሊሜትር ውፍረት ያለው በሰም የተነከረ ወረቀት ቢገባ ግን 2,200 ገደማ ይደርሳል። ርቀቱ አሥር ጊዜ አነሰ፤ ሰም የጠጣው ወረቀት ደግሞ ከአየር ሁለት ጊዜ ተኩል ያህል ይበልጣል። የፌስታል ላስቲክም ከዚህ ብዙ አይርቅም፤ 2.25 ነው። ፌስታል በአዋጅ ከተከለከለ ወዲህ ግን ለሳይንስ ነው ብሎ ከደንብ አስከባሪ ጋር መከራከር የሚፈልግ ብቻ ይያዝ። መስተዋት ከ5 እስከ 7 ይደርሳል። ውኃ 80 ነው! ይህን ያነበበ ጀማሪ ሁሉ ውኃ ሊሞላ ይሮጣል። የቧንቧ ውኃ ግን ኤሌክትሪክ ያሳልፋልና በሁለቱ ብረቶች መሐል ገባ ማለት ብረቶቹ ተነካኩ ማለት ነው።

የወረቀትም ጠላት ይኸው ውኃ ነው። የደብተር ቅጠል በበጋ ደረቅ ይመስላል፤ ክረምት ሲገባ ከአየሩ እርጥበት እየሳበ ይጠጣል። በበጋ ጥሩ የነበረ የወረቀት ካፓሲተር ሐምሌ ላይ ቻርጁን ያንጠባጥባል፤ ሬዲዮውም ይደክማል። መድኃኒቱ ሰም ነው። በሰም የተነከረ ወረቀትና ፎይል ጠቅልሎ ካፓሲተር መሥራት በ19ኛው መቶ ዓመት የታወቀ ዘዴ ነው፤ ፋብሪካዎችም ለብዙ ዘመን የሠሩት በዚሁ ነው። የቆየ የመብራት አምፖል የሚመስል ቲዩብ ያለውን ሬዲዮ የከፈተ ሰው፣ እንደ ከረሜላ ተጠቅልለው ሰም የተነከሩትን ሲሊንደሮች አይቷቸዋል። በእኛ ቤት ሰም ሲባል ደግሞ ጧፍ ነው። ጧፍ ሲባል እናቴ ናት።

«አንተ ልጅ፣ ምንድን ነው ምጣዱ ላይ የምታቀልጠው?»

«ሰም ነው እማዬ። ወረቀቱ ውስጥ እርጥበት እንዳይገባበት ነው።»

«ይህ ጧፍ የተገዛው ለማርያም ነው፤ ለወረቀት አይደለም።»

«ትራፊው ነው እኮ፣ ጉቶ ጉቶው።»

ጥቂት ዝም አለችና፣ «ሲያልቅ ቅዳሴ ይገባበታል?» ብላ ጠየቀችኝ። ይገባበታል አልኳት። ከዚያ በኋላ ጉቶ የምታጠራቅምልኝ እሷ ሆነች።

አሠራሩ እንዲህ ነው። የኬክ መጋገሪያ ወረቀት ወይም ቀጭን የደብተር ቅጠል አራት ሴንቲ ሜትር ያህል ስፋት እየያዘ በረጅሙ ይቆረጣል፤ ቀዳዳ ወይም የእስክሪብቶ ጭረት ያለበት ይጣላል። ሰሙ ለስላሳ እሳት ላይ ይቀልጣል፣ ባይሆን በፈላ ውኃ ላይ በተቀመጠ ዕቃ ውስጥ፤ ሰም ሲግል ይቀጣጠላልና ቀልድ የለም። ወረቀቱ ሲገባበት ከዳሩ ጥቃቅን አረፋ ይወጣል። ያ አረፋ ወረቀቱ ውስጥ ተደብቆ የነበረው እርጥበትና አየር ነው፤ መውጣቱን እስኪያቆም ወረቀቱን ማውጣት የለም። ከዚያ ፎይል፣ ወረቀት፣ ፎይል፣ ወረቀት ተደርቦ ይጠቀለላል። ፎይሎቹ ከወረቀቱ ይጠባሉ፤ አንደኛው በግራ በኩል፣ ሁለተኛው በቀኝ በኩል ትንሽ ብቅ ይላል፤ ሽቦ የሚያዘው በዚያ ብቅ ባለው ነው። ሲጠቀለል እያንዳንዱ ፎይል በጀርባውም በፊቱም ባላጋራውን ስለሚያይ፣ በጠረጴዛ ላይ ተዘርግቶ ከነበረው ወደ እጥፍ ይጠጋል። ሰሙ ሳይበርድ ጠበቅ ማድረግ ግድ ነው። ነገሩን ሁሉ የሚያበላሸው መጨማደድ ነው፦ የወረቀቱን ያህል ውፍረት ያለው አየር በመሐል ከቀረ 2,200 ይሆናል ያልነው ወደ 630 ይወርዳል። ቴስተር ያለው ሰው ጥቅሉን በጣቱ ጨመቅ ለቀቅ እያደረገ ቁጥሩ ሲወጣና ሲወርድ ሊያይ ይችላል። እንዲህ ያለውን መዝናኛ የሚስተካከል ቴሌቪዥን አላየሁም።

ፎይሉን ከየት? የጥንቱ የሲጋራ ፓኬት ምርጥ ነበር፦ አልሙኒየሙ በወረቀት ላይ ተለጥፎ ስለሚመጣ ብረቱና ከልካዩ አብረው ነበሩ። ሰሙን ከጧፍ፣ ወርቁን ከሲጋራ ፓኬት፤ ቅኔ ቤት ሳይገቡ ሰምና ወርቅ መሥራት ነበር። የዛሬው የብዙው ፓኬት ግን በወረቀት ላይ እንደ ጭስ የተረጨ ብረት ነው፤ ሽቦ ስታስነኩት ይላጣል። ስለዚህ ወደ ወጥ ቤቱ ፎይል መዞር ነው። ባለቤቴ የዓሣ ጥብስ ልትጠቀልል ስትነሳ ጥቅሉን ባዶ አግኝታ፣ «ይሄ ሬዲዮ የሚያወራው ከእኛ ምሳ ተቀንሶ ነው?» ማለቷ አይቀርም። የሚያብረቀርቀው ወገን ወደ ውስጥ ይሁን ወደ ውጭ ብላችሁ አትጨነቁ፤ ለዓሣውም ለካፓሲተሩም አንድ ነው።

ይህ የማይለዋወጠው ነው። ጣቢያ ለመምረጥ የሚያስፈልገው የሚለዋወጠው ነው፤ ብዙ ሰው የሚሸነፈውም እዚህ ነው። ቀላሉ መንገድ መጽሐፍ ነው፦ የአሮጌ ደብተር ሁለት ልባስ ላይ ፎይል ይለጠፋል፣ መሐሉ ላይ ወረቀት ይደረጋል፣ ሲከፈት አቅሙ ይቀንሳል፣ ሲዘጋ ይጨምራል። ሲያዩት የሚያምር ሐሳብ ነው። ግን 10 በ15 የሆኑ ፎይሎች ለ40 ፒኮ ፋራድ የሚፈልጉት ክፍተት 3 ሚሊሜትር ገደማ ብቻ ነው። ይህ ማለት የመካከለኛው ሞገድ ጣቢያ ሁሉ፣ ዜናው፣ ዘፈኑ፣ ማታ ማታ ከቀይ ባሕር ማዶ የሚመጣው ዐረብኛ ሁሉ፣ መጽሐፉ ሊዘጋ ሲል ባሉት የመጨረሻ 3 ሚሊሜትሮች ውስጥ ተጨናንቋል። የቀረው ሰፊ መንገድ ባዶ ነው። በጣት ጫን ሲሉት ጣቢያው ያልፋል፤ ለቀቅ ሲሉት ተመልሶ ያልፋል። ረጅም ብሎን በዳዶ አድርጎ በጥቂት በጥቂቱ የሚገፋ ካልሆነ በቀር የመጽሐፉን መንገድ አልመክርም።

እኔ የምመርጠው ቆርቆሮ ነው። የለስላሳ ወይም የቢራ ጣሳ፣ በላዩ ላይ ላላ ብሎ የተጠቀለለ ወረቀት፣ በወረቀቱ ላይ ፎይል፤ ጣሳው እንደ መሳቢያ ሲገባና ሲወጣ አቅሙ በገባበት ልክ ይለዋወጣል። እዚህ ላይ የሚለወጠው ርቀቱ ሳይሆን ስፋቱ ስለሆነ ጣቢያዎቹ ዘርዘር ብለው ይቀመጣሉ። ሁለት ነገር ብቻ ልብ በሉ። አንደኛ፣ ጣሳው ቀለም የተቀባ ነው፤ ሽቦው የሚያዝበትን ቦታ በብርጭቆ ወረቀት ፍቃችሁ እስኪነጣ ካላደረሳችሁት ቀለም ላይ ነው ያሰራችሁት። ሁለተኛ፣ አልሙኒየም በተራ ሊድ አይበየድም፤ ሊዱ እንደ ጠል ተንከባሎ ይወርዳል። ብስቶ በብሎን፣ በሮንዴላና በዳዶ ማጥበቅ ነው። መበየድ የፈለገ የኒዶ ቆርቆሮ ይያዝ፤ ብረቱ ቲን የተቀባ ስለሆነ ሊድ ይወደዋል። ምናለሽ ተራ የቆርቆሮውን ዓይነት ሳይነኩት በድምፁ የሚለዩ ሰዎች አሉ፤ «ለካፓሲተር» ሳትሉ «ለዕቃ መያዣ» ብላችሁ ግዙ፣ ጨዋታው እንዳይረዝምባችሁ።

ከሁሉ የሚያንሰው ደግሞ የተጎነጎነ ሽቦ ነው። ላስቲክ የለበሱ ሁለት ቀጫጭን ሽቦዎች ጥቂት ሴንቲ ሜትር ያህል ሲገመዱ ጥቂት ፒኮ ፋራድ ይሰጣሉ፤ ለኤፍ ኤም ሥራ ይኸው ይበቃል። ሲበዛ ጫፉን ቆረጥ ማድረግ ነው። ሲያንስ ግን መቀጠል የለም፤ እንደገና መጎንጎን ነው።

አሁን ወደ ጉዱ ልግባ። ጣሳውን አስገብታችሁ፣ ጣቢያው ጥርት ብሎ መጥቶ፣ ደስ ብሏችሁ እጃችሁን ስታነሱ ይጠፋል። እጃችሁን ስትመልሱ ይመጣል። ቤቱ አልተለከፈም፤ ሰው ራሱ ካፓሲተር ነው። ሰውነታችን አንደኛው ብረት፣ መሬቱ ሁለተኛው፣ የጫማችን ሶል መሐሉ ነው፤ የአንድ ሰው አቅም 100 ፒኮ ፋራድ ገደማ ይገመታል። መርካቶ በምስር መጠን የተሰጠኝን እኔው ተሸክሜው ነበር የሄድኩት ማለት ነው።

ይህን በአገራችን የማያውቅ ቤተሰብ የለም፤ ስሙን ብቻ አይጠራውም። የእግር ኳስ ጨዋታ በሬዲዮ ሲተላለፍ ድምፁ መንሾሻት ሲጀምር አንድ ልጅ ይነሳና አንቴናውን ይይዛል። ድምፁ ጥርት ይላል። ሊቀመጥ ሲል ሁሉም በአንድ ድምፅ፣ «እዛው ቁም! እንዳትነቃነቅ!» ይለዋል። ልጁ እስከ ዘጠናኛው ደቂቃ የሰርኪዩቱ አካል ሆኖ ይቆማል። ጎል ሲገባ መዝለል አይፈቀድለትም፤ ከዘለለ የጎሉን አግቢ ስም ማንም አይሰማም። ከልጅ ልጅ ደግሞ ይለያያል፣ እገሌ ሲይዘው ይሻላል ይባላል፤ ቁመትም፣ አቋቋምም፣ ባዶ እግርም ለውጥ ስለሚያመጣ ነገሩ ሐሜት ብቻ አይደለም። በቤት ለተሠራው ካፓሲተር መፍትሔው ቀላል ነው፦ በእጅ የሚነካው ብረት ከመሬት ሽቦው ጋር ይያያዝ፣ እጀታውም የእንጨት ዘንግ ይሁን። ልጁም ይቀመጥ።

እንዲያውም የመጀመሪያው ካፓሲተር ከነባለቤቱ እጅ የተሠራ ነው። በ1745 እ.ኤ.አ. ፎን ክላይስት የተባለ ጀርመናዊ፣ በ1746 ደግሞ በሆላንድ የላይደን ከተማ ፕሮፌሰር የነበረው ሙሸንብሩክ፣ ኤሌክትሪክን ጠርሙስ ውስጥ ሊያጠራቅሙ ሞከሩ። ውስጡ ውኃ፣ መሐሉ መስተዋት፣ ውጭው ጠርሙሱን የያዘው ላብ ያለበት መዳፍ፤ ውኃውና መዳፉ የሁለቱ ብረቶች ምትክ መሆናቸውን ማንም አላሰበውም። በሌላው እጅ ሽቦውን ሲነኩት ክፉኛ ተመቱ። ሙሸንብሩክ የፈረንሳይን መንግሥት ብትሰጡኝ አልደግመውም ብሎ ጻፈ። ፈረንሳዮቹ ግን ጉዳዩን ወደዱት፤ አባ ኖሌ የተባሉት የሃይማኖት ሰውና የፊዚክስ አዋቂ 180 የንጉሥ ጠባቂዎችን እጅ ለእጅ አያይዘው በሉዊ 15ኛ ፊት በአንዴ አዘለሏቸው። በአሜሪካ ቤንጃሚን ፍራንክሊን በ1750 ገና ሲደርስ ተርኪ በኤሌክትሪክ ላርድ ብሎ ሁለት ትልልቅ ጠርሙሶች ሞልቶ ሲሰናዳ፣ እጁን አሳስቶ የተመታው እሱ ሆነ። ተርኪው ለዚያች ቅጽበት ተረፈ። እኛ በቢላ መቅረታችን መልካም ሆነ።

በዚህ ምክንያት አንድ ነገር ሳልል አላልፍም። ከጧፍ፣ ከፎይልና ከጣሳ የተሠራ ካፓሲተር ቦታው ባትሪ የሌለው የክሪስታል ሬዲዮና በትንሽ ባትሪ የሚሠራ ሰርኪዩት ነው። እዚያ ምንም አያደርግም፤ ቢበዛ ዝም ይላል። ስፒናው ግድግዳ ላይ በሚሰካ ዕቃ ውስጥ ግን የደብተር ቅጠል ከ220 ቮልት ጋር አይታገልም፤ ቤት የተሠራውን እዚያ አታስገቡ። የአያታችሁን የቲዩብ ሬዲዮ ከከፈታችሁም ስፒናው ከተነቀለ በኋላ ትልልቆቹ ካፓሲተሮች የያዙትን እንደያዙ ሊቆዩ ስለሚችሉ፣ የሚያውቅ ሰው ሳያራግፋቸው ጣታችሁንም ካቻቢቴያችሁንም አትስደዱ። ለእነሱ የሚሆነውን ከሱቅ ግዙ። ጋሼ ዋጋ ባይጠሩም እናንተ ክፈሏቸው።